ዚዮላይት ክሮሚየምን ከጉድጓድ ውሃ ያወጣል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ቀበሌያችን ከቆዳ ፋብሪካ በታች፣ ወንዝ ዳር ናት። ቦኖው ውሃ የሚያገኘው ብዙም ጥልቀት ከሌለው ጉድጓድ ነው። በቅርቡ አስመርምረን አጠቃላይ ክሮሚየም 0.18 ሚሊግራም በሊትር፣ ፒኤች 7.8 የሚል ውጤት ተሰጠን። እርሳስና ካድሚየም አልተገኘም። አንድ ነጋዴ ዚዮላይት የሚባል ድንጋይ ማንኛውንም ከባድ ብረት ከውሃ ያወጣል ብሎናል። ከነዋሪው ገንዘብ ልንሰበስብ ነው። እውነት ይሠራል? ስንት ኪሎ ይበቃናል? በስንት ጊዜ ይቀየራል? ያገለገለውስ የት ይጣላል?»

ገንዘቡን ለጊዜው አይሰብስቡ። ዚዮላይት ጥሩ ማዕድን ነው፤ ለእናንተ ጉድጓድ ግን የሚሆን አይመስለኝም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት። ምክንያቱን ከያዙ፣ ነገ ሌላ ነጋዴ ሌላ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ ምን ብለው እንደሚጠይቁት ያውቃሉ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአጠቃላይ ክሮሚየም ጣሪያ 0.05 ሚሊግራም በሊትር ነው። የእናንተ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ማለት ዛሬ የጠጣ ሰው ነገ ይታመማል ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉ ጣሪያዎች የሚታሰቡት ሰው ውሃውን ዕድሜ ልኩን ይጠጣዋል ተብሎ ነው። ስለዚህ ነዋሪውን አያስደንግጡት። ግን ልጆች በዚህ ውሃ እንዲያድጉም አይፍቀዱ። ለመፍትሔው የሚሆን ጊዜ አላችሁ፤ ተረጋግታችሁ ሥሩበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ክሮሚየም ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ባለ 3 እና ባለ 6። ቆዳ ፋብሪካ ለማልፋት የሚጠቀመው ባለ 3ቱን ነው፣ ክሮሚየም ሰልፌት። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከገባው ክሮሚየም ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ባለ 3 ክሮሚየም የኤሌክትሪክ ቻርጁ ፖዘቲቭ ነው። ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ6 ገደማ ሲያልፍ ግን ሟሙቶ መቆየት አይችልም። አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ወይም ጭቃና አሸዋ ላይ ይለጠፋል።

ባለ 6ቱ ጠባዩ ሌላ ነው። ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ክሮሜት ይሆናል። ቻርጁ ኔጋቲቭ ነው። እንደ እናንተ ባለ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ ከከርሰ ምድር ውሃውም ጋር አብሮ ይጓዛል። ለጤና በዋናነት የሚያሰጋው እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባለ 6 ክሮሚየም ውህዶችን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ምድብ አስገብቷቸዋል። በሰው ላይ ጠንካራው ማስረጃ በትንፋሽ ስለሚገባው ነው። በውሃ ተጠጥቶ ሲገባ ደግሞ በአይጦች ላይ ዕጢ ማስከተሉ ታይቷል።

ፋብሪካው የሚጠቀመው ባለ 3ቱን ከሆነ ባለ 6ቱ ከየት መጣ ይሉኝ ይሆናል። አፈር ውስጥ ያሉ የማንጋኒዝ ማዕድናት ባለ 3ቱን ቀስ በቀስ ወደ ባለ 6 መቀየር ይችላሉ። የቆዳ ቁርጥራጭ ሲቃጠል የሚቀረው አመድም ባለ 6 ሊኖረው ይችላል። አመዱ ሜዳ ላይ ከተደፋ ዝናብ ያጥበዋል፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። አንዴ ከርሰ ምድር ውሃ ከገባ ደግሞ ማስወጣቱ ከባድ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሂንክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የጋዝ ማመቂያ ጣቢያ ከ1952 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ባለ 6 ክሮሚየም ያለበትን የማቀዝቀዣ ውሃ ንጣፍ በሌላቸው ኩሬዎች ውስጥ ያፈስ ነበር። ኩባንያው በ1996 ለነዋሪዎች 333 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ውሃውን የማጽዳቱ ሥራ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል።

የእናንተ ውሃ ፒኤቹ 7.8 ነው። በእንዲህ ዓይነት ውሃ በደንብ ሟሙቶ የተገኘ ክሮሚየም ካለ ባለ 6 ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። እኔም የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። እርግጡን የሚነግረን ሌላ ምርመራ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ነጋዴው ያመጣው ዚዮላይት በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ ማዕድን ነው። ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ያንን ለማመጣጠን ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና የመሳሰሉት ፖዘቲቭ አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ ውስጡ ተቀምጠዋል። እንደ ሚኒባስ ታክሲ ይዩት። ወንበሩ የተቆጠረ ነው፤ አንዱ ሳይወርድ ሌላው አይሳፈርም። እርሳስ ያለበት ውሃ ሲያልፍ ሶዲየሙ ይወርድና እርሳሱ ይቀመጣል። ዚዮላይት ለእርሳስ ደግሞ በጣም ያደላል። ካድሚየም፣ መዳብና ዚንክም ይሳፈራሉ፤ እንደ እርሳስ ባይሆንም።

ነጋዴውን አታላይ ለማለት አልቸኩልም። ዚዮላይት ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። እንግሊዝ አገር ሴላፊልድ በሚባለው የኑክሌር ማዕከል ከ1985 ጀምሮ ክሊኖፕቲሎላይት የሚባለው የዚዮላይት ዓይነት ራዲዮአክቲቭ ሲዝየምና ስትሮንሺየም ከውሃ እየለየ ያወጣል። ፉኩሺማ ላይ በ2011 አደጋው ሲደርስም በዚዮላይት የተሞሉ ከረጢቶች ባሕሩ ዳር ተጥለዋል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሲዝየምም ስትሮንሺየምም ፖዘቲቭ ናቸው። የእናንተ ክሮሜት ኔጋቲቭ ነው፣ የማዕድኑ ግድግዳም ኔጋቲቭ ነው። ሁለቱ ይገፋፋሉ። አንድ ኩንታል ቢጨምሩ ክሮሜቱ አጠገቡ አልፎ ወደ ጄሪካኑ ይገባል።

«ከባድ ብረት» የሚለው ስም ነው ሰውን የሚያሳስተው። እርሳስ፣ ክሮሜት፣ አርሰኒክ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ቻርጃቸውም ጠባያቸውም ይለያያል። ሁሉንም እኩል የሚይዝ ድንጋይ እስካሁን አላየሁም። ማዕድን ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። ብረቱ የትኛው ነው? በውሃው ፒኤች ላይ ቻርጁ ምንድን ነው? ሻጩ ሁለቱን መመለስ ካልቻለ ድንጋዩን ያውቀዋል ማለት አይቻልም።

ሸክላዎችና ሌሎች ማዕድናትም በዚህ መልኩ ከዚዮላይት ብዙ አይለዩም። አገራችን በማዕድኑ አልተጎዳችም። ገዋኔ ቤንቶናይት፣ ቦምቦዋ ካኦሊን የሚባሉ ሸክላዎች አሉ፤ አዳሚ ቱሉ ዲያቶማይት አለ። ስምጥ ሸለቆው በሙሉ ፑሚስና ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞልቶታል። ከእነዚህ አዮን በመለዋወጥ አቅሙ ቤንቶናይት ከካኦሊን በግምት አሥር እጥፍ ይበልጣል። ችግሩ ቤንቶናይት ውሃ ሲነካው ያብጣል። ማጣሪያ ውስጥ እንዳለ ከሞሉት ይደፈንና ውሃ አያሳልፍም። ካኦሊን አያብጥም፤ የሚይዘውም ትንሽ ነው። እነዚህም ቢሆኑ በተፈጥሯቸው የሚመቹት ለፖዘቲቭ አዮን ነው። በፑሚስና በቀይ ጠጠር ካድሚየምን ከውሃ የማውጣት ሙከራ የአገራችን ተመራማሪዎች ሠርተዋል፤ ይህ ተስፋ ያለው ሥራ ነው። ካድሚየም ግን የእናንተ ችግር አይደለም።

ነጋዴው ወይም ኢንተርኔት ያነበበ ወጣት «ክሮሚየምን 95 በመቶ አስወገደ» የሚል ጥናት ሊያሳይዎት ይችላል። ጥናቱን አይጣሉት፤ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ፒኤች ይፈልጉ። በባለ 6 ክሮሚየም ላይ ከተሠሩ ጥናቶች ብዙዎቹ ከፍተኛ ውጤት ያገኙት ፒኤች 2 ገደማ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አሲድ ውስጥ የማዕድኑ ገጽ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ክሮሜቱም ይለጠፋል። ለፋብሪካ ፍሳሽ ሊያገለግል ይችላል። ፒኤች 2 ግን የሎሚ ጭማቂ ያህል ኮምጣጣ ነው። የሕዝብ ቦኖ ውሃን እዚያ አውርዶ መልሶ ማስተካከል የእናንተ ኮሚቴ ሥራ አይደለም። ሌላም ነገር ይመልከቱ። ሙከራው የተሠራው ክሮሚየም ተጨምሮበት በተጣራ የላብራቶሪ ውሃ ከሆነ፣ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያሉት ተሻሚ ነገሮች ሁሉ የሉበትም።

ኔጋቲቭ ለሆኑት የሚመቹት የብረት ማዕድናት ናቸው። ዝገት ስንለው የምናውቀው የብረት ኦክሳይድ ቤተሰብ ማለት ነው፤ ጎታይት፣ ሄማታይት፣ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር። የዚህ ትልቁ ማሳያ ባንግላዴሽ ናት። እዚያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አርሰኒክ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጣ ነበር። አቡል ሁሳም የተባለ ኬሚስት ከአሸዋ፣ ከከሰል፣ ከሸክላ ስብርባሪና ከብረት ቁርጥራጭ የሚሠራ ሶኖ የሚባል የቤት ማጣሪያ ሠራ። በ2007 የግሬንጀር የወርቅ ሽልማትን አገኘበት፤ 1 ሚሊዮን ዶላር። ሥራውን የሚሠራው ብረቱ ነው። ይዝጋል፣ ዝገቱም አርሰኒኩን ይይዛል። ይህን ማጣሪያ ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል። በየሰፈሩ በሚገኝ ዕቃ የተሠራ፣ ግን ኬሚስትሪው በጥንቃቄ የታሰበ ነው።

ታዲያ ለምን የብረት ኦክሳይድ ግዙ አልልዎትም? ክሮሜት ከአርሰኒክ ይልቅ ዝገት ላይ የሚያዘው በላላ ሁኔታ ነው። ፒኤቹ ወደ 8 ሲጠጋ ይበልጥ ይላላል። እዚያው ቦታ ላይ ባይካርቦኔት፣ ሰልፌት፣ ፎስፌትና ሲሊካ ይሻሙታል። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ደግሞ ባይካርቦኔት የሚበዛባቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ፒኤቻቸው ከ8 በላይ ነው። ስለዚህ በእናንተ ውሃ ላይ ሳይሞከር በፍጹም መገዛት የለበትም።

አሁን ምርመራው። ላብራቶሪው የሰጣችሁ «አጠቃላይ ክሮሚየም» ነው። ናሙናው ሳይጣራ አሲድ ከተጨመረበት፣ ውሃው ውስጥ በተንሳፈፈው ደለል ላይ የተለጠፈው ባለ 3 ክሮሚየም ሁሉ ሟሙቶ ተቆጥሯል ማለት ነው። ስለዚህ እንደገና ናሙና ውሰዱና ሦስት ነገር ጠይቁ። ያልተጣራ ውሃ ውስጥ ያለው አጠቃላይ ክሮሚየም፣ በጥሩ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ክሮሚየም፣ እና ባለ 6ቱ ለብቻው። ለባለ 6 የሚወሰደው ናሙና አሲድ አይጨመርበትም። አሲድ ከነካው መልኩ ሊቀየር ይችላል። በበረዶ ሣጥን ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ዳይፌኒልካርባዛይድ በሚባል ኬሚካል ይለካል፤ ባለ 6 ካለ ውሃው ወደ ሐምራዊ ሮዝ ይለወጣል። ይህን መለካት ውድ ማሽን አይጠይቅም። የቆሻሻ ውሃ የሚመረምሩ ላብራቶሪዎች ብዙዎቹ ይሠሩታል። ጠዋት ቧንቧው እንደተከፈተ አትቅዱ፤ ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይሁን። በክረምትም በበጋም መለካቱ ጥሩ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ የጉድጓዱም ጠባይ ሊቀየር ይችላል።

ውጤቱ ሲመጣ መንገዱ ይለያያል። ያልተጣራው 0.18 ሆኖ የተጣራው ከ0.05 በታች ከወረደ ትልቅ እፎይታ ነው። ክሮሚየሙ ደለል ላይ ነው ያለው። በደንብ የተሠራ የአሸዋ ማጣሪያና የጉድጓዱን አፍ ማደስ ብዙውን ይፈታል። ማዕድን መግዛት አያስፈልግም። የተጣራውም ከፍ ያለ፣ ባለ 6ቱም ከሱ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ግን የፈራሁት ደረሰ ማለት ነው። የተጣራው ከፍ ብሎ ባለ 6ቱ ትንሽ የሆነበት ሦስተኛ ሁኔታም አለ። ከቆዳ ፍሳሽ የመጣ ኦርጋኒክ ነገር ባለ 3ቱን አቅፎ እንዳይዘቅጥ ሲያደርገው እንዲህ ይሆናል። ይህ ከሆነ ፍሳሹ በቀጥታ እየገባባችሁ ነውና ጉድጓዱን ለመጠጥ አትጠቀሙበት፤ ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ሊኖር ይችላል።

ባለ 6 ሆኖ ከተገኘስ? የታወቀው ዘዴ መጀመሪያ ባለ 6ቱን ወደ ባለ 3 መመለስ፣ ከዚያ የዘቀጠውን ማጣራት ነው። ፌረስ ሰልፌት የሚባል የብረት ጨው ይጨመራል። ብረቱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ክሮሚየሙ ባለ 3 ይሆናል፣ ሁለቱም አብረው እንደ ዝገት ይዘቅጣሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የግሌንዴል ከተማ በዚህ መንገድ የከርሰ ምድር ውሃን የማጽዳት ሙከራ በትልቁ ሠርታለች። በስሌት ለ1 ሚሊግራም ባለ 6 ክሮሚየም 3.2 ሚሊግራም ብረት ይበቃል። በተግባር ግን ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብረቱን ስለሚሻማ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይጨመራል። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በራሳችሁ ውሃ ላይ በማሰሮ ሙከራ፣ ማለትም በተለያዩ ዕቃዎች የተለያየ መጠን ጨምሮ በማወዳደር ነው። ከዚያ አየር ማስገባት፣ ማርጋት፣ በአሸዋ ማጣራት ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ክሎሪን የሚጨመረው ከማጣሪያው በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ ብረቱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። በማጣሪያው ያመለጠ ባለ 3 ክሮሚየም ካለም ክሎሪን ቀስ በቀስ ወደ ባለ 6 ሊመልሰው ይችላል። ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚከታተል የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። በወር አንዴ በሚሰበሰብ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ የሚሄድ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የእኔ ምክር ውጤቱ ባለ 6 ከሆነ ገንዘባችሁን ሌላ የውሃ ምንጭ ፍለጋ ላይ አውሉት ነው። ከወንዙ ራቅ ያለ ወይም ከብክለቱ በላይ ያለ ጉድጓድ፣ ወይም ከከተማው መስመር መቀጠል። ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር ይህን ውጤት ይዞ መነጋገር ከዚዮላይቱ ዋጋ በላይ ይጠቅማል።

ዚዮላይቱን መሞከር አለብን የሚል ሰው በኮሚቴው ውስጥ ካለ አይከልክሉት። ሙከራው ርካሽ ነው። ከነጋዴው ጥቂት ናሙና ውሰዱና አቧራው እስኪወጣ እጠቡት። በአንድ ንጹሕ ጠርሙስ 1 ሊትር የጉድጓድ ውሃና 10 ግራም ዚዮላይት ያድርጉ። በሌላ ጠርሙስ ያንኑ ውሃ ብቻውን ያስቀምጡ። 24 ሰዓት እያነቃነቁ ያቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም አጣርታችሁ ለላብራቶሪ ስጡ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳትናገሩ። 10 ግራም በሊትር ብዙ ነው። በዚያም ውስጥ ከ0.05 በታች ካልወረደ ጉዳዩ አለቀ። ነጋዴው በድንጋዩ የሚተማመን ከሆነ የምርመራውን ወጪ እንዲጋራ መጠየቅም ነውር አይደለም።

አንዳንዱ ሻጭ «የኛ ልዩ ነው፣ የታከመ ነው» ይላል። እውነትም የዚዮላይቱን ገጽ በኬሚካል ለብጦ ፖዘቲቭ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ክሮሜት ይይዛል። ለብክለት ቦታ ማጽጃ ተብሎ የተጠና ነገር ነው። ግን የሚይዘው መጠን ትንሽ ነው። ልባጩ ራሱ ቀስ እያለ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ለመጠጥ ውሃ አልመክረውም።

ስንት ኪሎና በስንት ጊዜ ይቀየራል ላሉት፣ ለእናንተ ክሮሜት የምሰጠው ቁጥር የለኝም። እርሳስ ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደሚታሰብ ግን ላሳይዎት፤ ለጎረቤት ቀበሌ ይጠቅም ይሆናል። ጥሩ ክሊኖፕቲሎላይት ወንበሮቹ ሁሉ በእርሳስ ቢሞሉ በ1 ግራም ከ150 ሚሊግራም በላይ ይይዛል። ውሃው 0.05 ሚሊግራም በሊትር እርሳስ ካለው 1 ኪሎው 3 ሚሊዮን ሊትር ያጠራል የሚል ስሌት ይወጣል። ሻጮች የሚወዱት ስሌት ይህ ነው። አሁን ካልሲየምን እናስገባ። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የጉድጓድ ውሃ በሊትር 60 ሚሊግራም ካልሲየም ሊኖረው ይችላል። በቻርጅ ሲቆጠር ለአንድ እርሳስ ከ6000 በላይ ካልሲየም ማለት ነው። ዚዮላይቱ ለእርሳስ ቢያደላም ይህን ያህል ሰልፍ ፊት ለፊቱ ሲቆም አቅሙ ከወረቀቱ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙም አሉ። ስለዚህ ዕድሜው የሚታወቀው ማዕድኑ በተሞላበት ቱቦ የጉድጓዱን ውሃ እያሳለፉ በቦታው በሚደረግ ሙከራ ብቻ ነው።

ጊዜም ይፈልጋል። እርሳሱ ወደ ጠጠሩ ውስጥ ለመግባት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ውሃው ከማዕድኑ ጋር 10 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ከተፈለገ፣ በሰዓት 1000 ሊትር የሚፈስበት ቦኖ ወደ 170 ሊትር የሚጠጋ የማዕድን አልጋ ያስፈልገዋል። በክብደት ወደ አንድ ኩንታል ተኩል ይሆናል። የሚጫንበትም መንገድ አለ። ሁለት ታንክ በተከታታይ ይደረጋል። ከመጀመሪያው የወጣው ውሃ እየተለካ እርሳሱ መውጣት ሲጀምር፣ ያ ታንክ ይቀየራል፣ ሁለተኛው ወደ ፊት ይመጣል። «በስድስት ወር ቀይሩ» የሚል ወረቀት በቂ አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ማዕድን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይበልጥ የሚወደው አዮን ሲመጣ የያዘውን እርሳስ ይለቃል። ያኔ የሚወጣው ውሃ ከገባው የባሰ ሊሆን ይችላል።

የማስወገጃውን ጥያቄ በማንሳትዎ አመሰግናለሁ። ብዙ ፕሮጀክት ይህን ሳያስብ ነው የሚጀመረው። ከባድ ብረት የያዘ ማዕድን ጓሮ አይደፋ፣ ማሳ ላይ አይበተን፣ ከብት መኖ ውስጥ አይግባ። በጨው ውሃ ታጥቦ እንደገና ሊያገለግል ይችላል፤ ግን ያ የጨው ውሃ ብረቱን ሁሉ አሰባስቦ ይይዛል። እሱም በየሜዳው አይፈስም። በፌረስ ሰልፌት ከተጣራ ውሃ የሚወጣው ዝቃጭ ባለ 3 ክሮሚየም ይዟልና ከዝናብ በተጠለለ፣ ወለሉ በተለሰነ ቦታ ደርቆ ይቀመጣል። ከዚያ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ አካል ይሰጣል። በምንም ዓይነት አይቃጠል። ከኖራ ጋር ተደባልቆ ወይም ጡብ ውስጥ ገብቶ ከተተኮሰ አየር ባለበት ሙቀት ባለ 3ቱ ወደ ባለ 6 ሊቀየር ይችላል።

ውጤቱ እስኪመጣ ሰው ምን ይጠጣ? ሌላ ምንጭ ካለ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ያንን ተጠቀሙ። ከሁሉም በፊት ለሕፃናት ወተት መበጥበጫና ለነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ስጡ። ለልብስ፣ ለዕቃና ለቤት ማጠቢያ የጉድጓዱን ውሃ መጠቀም ይቻላል። አዲሱን ውሃ ግን ከጀርም አንፃር አስመርምሩት። ክሮሚየምን ሸሽቶ ያልተጠበቀ ምንጭ መጠጣት ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጥ ደግሞ ልጅን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ማፍላት ክሮሚየምን አያስወግድም። ውሃው ሲተን ክሮሚየሙ ይቀራል፣ እንዲያውም ትንሽ ይወፍራል። ውሃ አጋር ጀርም ይገድላል፣ ከባድ ብረት አይነካም። የሽፈራው ፍሬ የደፈረሰ ውሃ ያጠራል፤ የሟሟ ክሮሜትን ግን በእሱ ተማምኖ መጠጣት አይገባም። የአጥንት ከሰል በስምጥ ሸለቆ ለፍሎራይድ ጥሩ አገልግሎት ሰጥቷል፣ እርሳስም ይይዛል። ለክሮሜት ግን የመጠጥ ውሃ መፍትሔ አድርጌ አልሰጥዎትም።

የመጨረሻው ስለ ፋብሪካው ነው። ክሮሚየምን ለመያዝ ቀላሉ ቦታ እናንተ ጉድጓድ ጋ ሳይሆን እዚያ ነው። ከማልፊያ ገንዳ የሚወጣው ፍሳሽ በሊትር ግራሞች የሚቆጠር ክሮሚየም ይዟል፣ እሱም ባለ 3 ነው። ለብቻው ተሰብስቦ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ፒኤቹ ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ሲል ክሮሚየሙ ይዘቅጣል። ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ለማልፋት ይውላል። ፋብሪካው ኬሚካል ይቆጥባል፣ ወንዙም ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ጥቂት ባለ 3 ለማጥራት ዚዮላይትና ሌሎች ማዕድናት በእርግጥ ቦታ አላቸው። ሦስቱን የላብራቶሪ ውጤቶች ይዛችሁ ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ወደ ፋብሪካው ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህ ይሁን፦ የማልፊያው ፍሳሽ ከሌላው ፍሳሽ ተለይቶ ይሰበሰባል ወይስ ተደባልቆ ይወጣል? የቆዳ ቁርጥራጩስ የት ይሄዳል? መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።